«መመዝገብ የለባቸውም»

ባለፈው ወር በማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ሰንብታ ነበር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈች ስትሆን ጉዳይዋ ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች ለአዲስ ገቢዎች በሒሳብ ትምህርት በነፃ ርዳታ ሊሰጡ መሰናዳታቸውን ማስታወቅ ነበር። በአማርኛው በኩል «አዲስ ተማሪዎች አስቀድመው መመዝገብ የለባቸውም» ትላለች። ጸሐፊው ሊል የፈለገው መመዝገብ ሳያስፈልጋቸው እንዲሁ ይምጡ ነው። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን «የለባቸውም» የምትለዋን ቃል «ማስት ኖት» አደረጋት። «ኒው ስቱደንትስ ማስት ኖት ሬጂስተር» ሆነ፤ አዲስ ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ ተከልክለዋል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰባት ሰዎች መጡ። ሰባቱም አማርኛውን ያነበቡ ነበሩ። የቀሩት፥ በተለይም አማርኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው፥ በእንግሊዝኛው ተመርተው ነገሩ እነሱን የማይመለከት መስሏቸው በየመኝታ ክፍላቸው ቀሩ። ከመካከላቸው አንዱ ኋላ ሲያጫውተኝ፥ «እኛ ብቻ ለምን እንደ ተከለከልን ገርሞኝ ነበር፤ ግን ማንን እጠይቃለሁ?» አለኝ። እንዲህ ሆኖ ፈተና እስኪቃረብ ድረስ ሦስት ሳምንት ባከነ። ማስታወቂያውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፥ እኔ ነኝ።

ስሕተቱን የሠራሁት እንግሊዝኛ ባለማወቄ ነው ብዬ ብገላገል ቀላል በሆነልኝ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛው የምታማ ተማሪ አልነበርሁም፤ ለመልቀቂያ ፈተና ስቀርብም ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይልቅ የተማመንሁት በእሱ ነበር። ችግሩ ከተማርሁበት መንገድ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ረዳት ግሦች በአንድ ቀን ተጀምረው በዚያው ቀን አለቁ። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ በኩል ዘጠኙን ቃላት፥ «ካን»፥ «ኩድ»፥ «ሜይ»፥ «ማይት»፥ «ማስት»፥ «ሻል»፥ «ሹድ»፥ «ዊል»፥ «ዉድ» ብለው ደረደሩ፤ በቀኝ በኩል የአማርኛ አቻቸውን ጻፉ። «ካን» ይችላል፥ «ማስት» አለበት፥ «ሜይ» ይሆናል እየተባለ ወረደ። ገለበጥነው፥ በቃላችን ያዝነው፥ ተፈተንበት። ከዚያ ወዲያ ማንም ተመልሶ አላነሣውም። ሠንጠረዡ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። «አለበት» እስከ ተባለ ድረስ ይሠራል፤ «የለበትም» ሲባል ግን ይፈርሳል።

«መሄድ አለበት» ለማለት «ሂ ማስት ጎ» ብንል የሚፈርድብን የለም። «መሄድ የለበትም» ስንል ግን ከሁለት ነገር አንዱን ማለታችን ነው። አንደኛው እንዳይሄድ ተከልክሏል ነው። ሁለተኛው የመሄድ ግዴታ የለበትም፥ ቢፈልግ ይሂድ፥ ቢፈልግ ይቅር ነው። እናት ልጅዋን «እሳት መንካት የለብህም» ስትለው ክልከላ ነው። ጋባዥ እንግዳውን «አንተ መክፈል የለብህም» ሲለው ግን፥ እንግዳው እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ ሕግ ጣሰ አይባልም። እኛ ከነገሩ ጠባይና ከተናጋሪው ድምፅ ለይተን ስለምንሰማ አንሳሳትም፤ ሁለት መሆናቸውንም ልብ አንልም። እንግሊዝኛ ግን በሁለት ቃል ለይቶ አስቀምጧቸዋል። «ማስት ኖት» ክልከላ ነው። «ኒድ ኖት» ወይም «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ግዴታው መነሣቱን ብቻ ይናገራል፤ የቀረውን ለሰውዬው ፈቃድ ይተወዋል።

በሰሌዳ ላይ የዋለ ማስታወቂያ ያጠፋው ሦስት ሳምንት ነው። ይኸው ስሕተት በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ ቢገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያውቁት የዘርፉ ተማሪዎች ናቸው። ማሞቅ አያስፈልግም በሚለውና ማሞቅ ክልክል ነው በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የዓይን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከእኛ መካከል ነገ መድኃኒት ቤት የሚቆም አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የመድኃኒት መግለጫ አንብቦ ለበሽተኛ በአማርኛ «ከምግብ ጋር መውሰድ የለብዎትም» የሚል ሰው፥ እናቲቱ ከሁለቱ የትኛውን ሰምታ እንደ ሄደች በምን ያውቃል?

ይህን ስል አማርኛ ይጐድለዋል ማለቴ አይደለም። «አያስፈልግም»፥ «ግዴታ የለበትም»፥ «አይገባም»፥ «ክልክል ነው» የሚሉ ግልጽ ቃሎች ሞልተውናል፤ እኔም ያን ቀን «መመዝገብ አያስፈልጋቸውም» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልመጣ ነበር። እንግሊዝኛም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። «ስቱደንትስ ሜይ ሊቭ» ሲል፥ ተማሪዎቹ እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል ማለቱ ነው፥ ወይስ ምናልባት ይሄዱ ይሆናል ማለቱ? ስንጥቅ በየቋንቋው አለ። የሁለቱ ቋንቋ ስንጥቅ በአንድ ቦታ ላይ አለመሆኑ ነው እኛን የሚጥለን።

ከዚህ ዓይነት ስንጥቅ ምን ሊወጣ እንደሚችል ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ቅጂ በዚህ ለመጠቀም ይስማማሉ የሚል ግሥ ነበረው። ሮማም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥራ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ አስታወቀች። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። ጦርነቱን ያመጣው ሰዋስው ነው አልልም፤ የኢጣልያ ምኞት ከቃሉ የቀደመ ነው። ቢሆንም ምኞቱ መሸሸጊያ ያገኘው «ይቻላል» በሚለውና «ግድ ነው» በሚለው መካከል ነበር። ጉዳዩን ለባዕድ ሰው በእንግሊዝኛ ላስረዳ ያለ ሁሉ ከ«ሜይ» እና ከ«ማስት» ሌላ መንገድ የለውም። የታሪክ መምህራችን ያን ያህል የደከሙበት ነገርና የእንግሊዝኛ መምህራችን ያስገለበጡን ሠንጠረዥ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ያወቅሁት፥ እግዜር ይይልኝ፥ ገና አሁን ነው።

ከማስታወቂያው ውርደት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቃላትን ታሪክ የሚያትት መዝገበ ቃላት ከፍቼ ነበር። «ሻል» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዕዳ አለበት ማለት ነበር። «ኦት»ም ዛሬ ዕዳ መኖርን ከሚያመለክተው «ኦው» ከሚባለው ግሥ የወጣ የኃላፊ ጊዜ መልክ ነው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። እኛስ ምን እንላለን? «መቶ ብር አለብኝ» እንላለን፤ «ማጥናት አለብኝ» እንላለን። ግዴታን በዕዳ መልክ ማሰብ የሁለቱም ቋንቋ ጠባይ ኖሯል። ይህን አንድ ነገር በትምህርት ቤት ነግረውን ቢሆን ቃሉ እንደ ዘመድ በቀረበን ነበር።

«ሂ ካንስ» የማይባልበትም ምክንያት ከዚያው ተገኘ። «ካን»፥ «ሜይ»ና «ሻል» በጥንት መልካቸው የኃላፊ ጊዜ ግሦች ነበሩ፤ ስለዚህ ለ«ሂ»ና ለ«ሺ» የምትጨመረው «ስ» ከመጀመሪያውም አልደረሰቻቸውም። «ማስት» ራሱ ዛሬ የሞተ የአንድ ግሥ የኃላፊ ጊዜ መልክ ነው። እኛ ግን «አይባልም፥ ሕግ ነው» ብቻ ተባልን። ምክንያቱ ያልተነገረው ሕግ ደግሞ ከፈተና አዳራሽ ሲወጡ አብሮ አይወጣም።

«ማስት ቱ ጎ» የምንለው ከየት አመጣነው? ከመቼውም ይልቅ ግልጽ ነው። «ቱ ጎ» መሄድ ነው ተብለናል፤ «መሄድ አለበት» ስንል «መ» አለች፤ «መ»ዋን ላለመጣል «ቱ»ን እንጨምራለን። ለራሳችን ቋንቋ መታመናችን ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ግን ዘጠኙ ቃላት «ቱ»ን አይቀበሉም። «ኦት» እና «ሃቭ» ደግሞ ያለ «ቱ» አይሄዱም፤ ይህን ያደረገባቸውን የሚጠይቅ ይጠይቃቸው።

«ሂ ዲድ ኖት ዌንት» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «አልሄደም» ሲባል ያለፈው ጊዜ በግሡ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ አሉታው ብቻ ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል። በእንግሊዝኛ «ዲድ» ሲመጣ የጊዜውን ሸክም ከግሡ ላይ ያወርድና ራሱ ይሸከማል። ግሡ ባዶውን «ጎ» ሆኖ ይቀራል። «ዲድ ዌንት» ማለት አንዱን ሸክም በሁለት ጀርባ መጫን ነው።

ደግሞስ ረዳት ግሥ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? «ይሄዳል» በውስጡ «ይሄድ»ንና «አለ»ን ይዟል። «በልቻለሁ» ማለት «በልቼ አለሁ» ነው፤ የእንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ኢተን» ጐረቤት ነው። ቅኔ ቤት የቈዩ ጓደኞቻችን ማሠሪያ አንቀጽ የሚሉት ነገር በአማርኛ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚቀመጥ ረዳቱም ከእሱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። እንግሊዝኛ ከፊት ስላመጣው ነው አዲስ ፍጡር የመሰለን።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የአክብሮቱ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ከውጭ አገር ለመጡ መምህሩ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ በታላላቆች ፊት ቀና ብሎ የማይናገር፥ መምህር ሲገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ነው። ደብዳቤው ግን «አይ ዋንት ዩ ቱ ሪድ ማይ ፔፐር። ዩ ማስት ጊቭ ሚ ዘ አንሰር ኦን ፍራይዴይ» ይል ነበር። መምህሩ ወረቀቱን መለሱለት፤ በግርጌው «ማስት አይ?» ብቻ ጽፈውበታል። ጓደኛዬ ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። «አንተ አላልኋቸው!» አለኝ።

ብሏቸዋል እንጂ። እንግሊዝኛ የ«አንተ» ቃሉን፥ «ዛው» የሚባለውን፥ ከዕለት ንግግር ከጣለ ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ «ዩ» ለሕፃኑም፥ ለንጉሡም፥ ለውሻውም አንድ ነው። ከዚህ ተነሥተን እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንላለን። አለው፤ ማደሪያው ሌላ ነው እንጂ። የእንግሊዝኛ አንቱታ በረዳት ግሦቹ ውስጥ ነው ያለው። «ካን ዩ» ከማለት «ኩድ ዩ» ማለት፥ «አይ ዋንት» ከማለት «አይ ዉድ ላይክ» ማለት፥ «ሜይ አይ» ብሎ መጠየቅ፥ ይህ ሁሉ የእነሱ «እርስዎ» ነው። በአማርኛ ለመምህሩ «ና» ማለት የሚያስደነግጠው ተማሪ በእንግሊዝኛ «ዩ ማስት» ሲል የማይደነግጠው፥ ሠንጠረዡ «ማስት» አለበት ነው ብሎት ስላለፈ ነው።

«ኩድ»ና «ዉድ» የኃላፊ ጊዜ መልክ ሆነው ሳለ ስለ ነገ ጉዳይ እንዴት ይነገራሉ ብሎ የሚደነቅ ካለ፥ መርካቶ ወርዶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ይቁም። ገዢው ስኳሩን ገና ሳይቀበል፥ ፊት ለፊት ቆሞ፥ «ሁለት ኪሎ ስኳር ፈልጌ ነበር» ይላል። መቼ ነበር? አሁን ነው። ወደ ቢሮ የሚገባውም ሰው «ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር» ይላል። ነገሩን ወደ ኋላ አራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ለሰሚው እምቢ የሚልበት ቦታ ይሰጠዋል። «ቢያዩልኝ» ስንልም «ካዩልኝ ደስ ይለኛል» የሚለው ጐን ሳይነገር ይቀራል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ዘዴ ይዘውት ኖረዋል። ይህን የሚያውቅ መምህር «ዉድ ላይክ»ን በአምስት ደቂቃ ያስተምራል። ፊልም ስናይ ካደርንበት ሰሞን «ጎና»ና «ጋታ» ማለትን የተማርን ሁሉ ደብዳቤ ላይ ስንደርስ የምንደናቀፈው ይህን ያገናኘልን ሰው ስላላገኘን ነው።

የእርግጠኝነትም ነገር በእነዚሁ ቃሎች ነው የሚለካው። «መጥቷል»፥ «መጥቶ መሆን አለበት»፥ «መጥቶ ይሆናል» ብንል የምናውቀውን፥ የምንገምተውንና የምንጠራጠረውን ለይተናል። በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ላይ ግን ጥርጣሬው ሁሉ ይጠፋል። በጣት በሚቈጠሩ ናሙናዎች የተሠራ ጥናት «ሜይ» ማለት ሲገባው «ዊል» ይላል፤ ወይም ፈርቶ ከላይ እስከ ታች «ማይት» ይሆናል። መምህራን ይህን በቀይ እያሰመሩ «ጥንቃቄ» ብለው ይጽፉብናል። ጥንቃቄው የጠፋው ከጭንቅላታችን ይሁን ከሰዋስዋችን ቢመረምሩልን መልካም ነበር።

የሕግ ተማሪዎች ስለ «ሻል» ከእኔ የበለጠ ይናገሩ ነበር፤ በጥቂቱ ላንሣው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጐን ለጐን አድርጎ ነው የሚወጣው፤ ሲለያዩም የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በ106ኛ አንቀጹ ለራሱ ይህንኑ ደንግጓል። እንግሊዝኛው «ሻል» በሚልበት ቦታ አማርኛው ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ረዳት «ይሆናል»፥ «ያቀርባል» ብሎ ያልፋል። ትእዛዝ ነው ወይስ ትንቢት? ደቡብ አፍሪቃውያን በ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ «ሻል»ን ትተው «ማስት»ን ያዙ። የኮምፒዩተር ተማሪዎችም የኢንተርኔትን ደንብ የሚጽፉ መሐንዲሶች በ1997 እ.ኤ.አ. 2119 የሚል ቍጥር በሰጡት ሰነድ ውስጥ «ማስት»፥ «ሹድ»፥ «ሜይ» እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያስገድዱ መወሰናቸውን ያውቃሉ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች እነዚህን ቃሎች ፍቺ ሳይሰጡ ማለፍ ካልደፈሩ እኛ በአንድ ሠንጠረዥ ምን አስደፈረን?

መምህሮቻችን ቅር ሳይላቸው ይህን እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ነውር ሆኖ ቈይቷል፤ «በእንግሊዝኛ አስቡ» ይባላል። በእንግሊዝኛ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር መልካም ነው። የቀረነው ግን በየራሳችን ቋንቋ አስበን በልባችን ተርጉመን ነው የምንናገረው፤ ትርጉሙም በስውር ስለሚሠራ ማንም አያርመውም። ወደ አደባባይ ይውጣ። «የለበትም» ሁለት ፍቺ እንዳለው በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገረውም ተማሪ በእሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ይጠየቅ፤ ምናልባት የእሱ ስንጥቅ ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል።

ፈተናዎቹም ያሳዝኑኛል። «ሂ ባዶ ቦታ ጎ» ተብሎ ይሰጥና ከ«ካን»፥ ከ«ሜይ»፥ ከ«ማስት»ና ከ«ሹድ» አንዱን ምረጡ ይባላል። አራቱም ልክ ናቸው! ሰውዬው ማን እንደ ሆነ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ ማን እንዳዘዘው ሳይነገረን አንዱን ብቻ ልክ ማድረግ ረዳት ግሥ ምን እንደ ሆነ አለማወቅ ነው። ሁለት መስመር ታሪክ ቢጨመርበት ጥያቄው ጥያቄ ይሆናል። ወረቀት ቢያልቅ ከእኛ ማኅበር እናዋጣለን።

የሒሳቡ ርዳታ እስከ መንፈቁ መጨረሻ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከቀኑ በ11 ሰዓት ይቀጥላል። በአማርኛው «መመዝገብ አያስፈልግም»፥ በእንግሊዝኛው «ኒድ ኖት ሬጂስተር» ተብሎ አዲስ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ከመለጠፉ በፊት «ማስት አይ?» ብለው የጻፉት መምህር አይተውልኛል። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ «ሹድ» ወደ «ማስት» ለውጠዋል፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ መምጣት ግዴታ ነው።